ነጭ የደም ሴሌ እስኪነሳ

ሰኞ

ወርዷል። ዶክተሯ የላቦራቶሪውን ወረቀት ደግማ ስታየው ገባኝ። ነጭ የደም ሴሌን ያወረደው ለመገጣጠሚያዬ ሕመም በሳምንት አንድ ቀን የምውጠው ሜቶትሬክሴት ነው። ያው ጣቶቼን የፈታልኝ፣ ወደ ቀርከሃ ሥራዬ የመለሰኝ መድኃኒት።

«ፎሊክ አሲዱንስ እየወሰድሽ ነው?» አለችኝ።

ከመድኃኒት ቤት ጠፍቶ ነበር። መድኃኒት የሸጠልኝ ሰው «ቫይታሚን ናት፣ ብትቀርም ግድ የለም» አለኝ፤ አመንኩት። ከሜቶትሬክሴት ጋር ግን የግድ ናት አለችኝ። አሁን ሜቶትሬክሴቱ ቆመ። ፎሊክ አሲድ በየቀኑ። ሰው የሚበዛበት ቦታ አለመሄድ። ትኩሳት ከመጣ ነገ ሳይባል ሐኪም ቤት። የሚመጣው ሰኞ ደሜ እንደገና ይታያል።

አልቅሼ ነበር፤ ቤት ከመድረሴ በፊት ግን ፊቴን ጠረግሁ።

ማክሰኞ

ፎሊክ አሲድ እንጅባራ ውስጥ የለም። ባለቤቴ ጌትነት በሚኒባስ ዳንግላ ወርዶ አገኘልኝ። ጣት ጫፍ ላይ የምትጠፋ ቢጫ ክኒን። እሱ ፊት ዋጥኳት።

ረቡዕ

የጌትነት ታላቅ እህት እትዬ የሺ መታመሜን ሰምተው ከጫግኒ መጡ። ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸውን ትልቅ የቫይታሚን ብልቃጥ ይዘው። ለራሳቸው ሳይከፍቱት ለእኔ!

«ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ዋጪ። ደምሽ ይሞላል» አሉኝ።

እጄ ሊሄድ ምንም አልቀረው። ማን ቶሎ መዳን ይጠላል?

«እትዬ፣ ዶክተሯን ሳልጠይቅ አልጀምርም» አልኳቸው።

«ልጄ መርዝ የላከች መሰለሽ?»

ምሳ አልበሉም። ጌትነት በዓይኑ ለመነኝ፤ አንዷን ብቻ ዋጪና ደስ ይበላቸው ነው ነገሩ። እምቢ አልኩ። በሕይወቴ ለባለቤቴ ዘመድ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

ሐሙስ

ብልቃጡን ለዶክተሯ አሳየኋት። ጽሑፉን በሙሉ አነበበች። ብዙ ዓይነት የተቀላቀለበት ነው፤ አንዳንዱ መጠኑ ከፍ ያለ ነው። የእኔን ነጭ የደም ሴል ያነሳል ብላ እንደማትጠብቅ፣ የታዘዘልኝን ፎሊክ አሲድም እንደማይተካ ነገረችኝ። «ሁሉንም አንድ ላይ ከጀመርሽ፣ አንዱ ባይስማማሽ የቱ እንደሆነ እንዴት እናውቃለን?» አለች። ይቆይ ተባለ።

ዶክተሯ ያለችውን ለእትዬ የሺ እንዳለ ነገርኳቸው። «እንግዲህ ሐኪም ካለ» ብለው ዞር አሉ። እንደተቀየሙ ናቸው።

ዓርብ

የጓደኛዬ እናት አረፉ። ለቅሶው ላይ ሰው ሞልቷል አሉ። አልሄድኩም። ደውዬ አለቀስኩላት፤ ምክንያቱን ነገርኳት። «ድነሽ ነይልኝ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ከበደኝ።

ሜቶትሬክሴቱ ስለቆመ ጣቶቼ እንደገና አብጠዋል። የቀርከሃውን ቢላ መጨበጥ አቃተኝ።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ። ሙቀቴን ለካሁ፤ ሠላሳ ስምንት አልፏል።

ጌትነት «የእንጅባራ ብርድ ነው፣ ተኝተሽ እስኪ ይታይ» አለ።

እኔ ነጠላዬን ፍለጋ ስነሳ እትዬ የሺ ቀደሙኝ። «ሐኪሟ ትኩሳት ከመጣ ነገ አይባልም ብላት የለም? ተነስ፣ ባጃጅ ጥራ!»

ባጃጁ ውስጥ እጄን ይዘውኝ ሄዱ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ገና ሳልጠየቅ ነጭ የደም ሴሌ እንደወረደና ሜቶትሬክሴት እወስድ እንደነበር ተናገርኩ። ወዲያው ተቀበሉኝ። ትኩሳቱ ከጉሮሮዬ ኢንፌክሽን ነው አሉ። ደሜን አዩት፤ ከሰኞው አልባሰም። በመርፌ ፀረ ባክቴሪያ ጀመሩልኝ፣ አስተኙኝ።

እሑድ

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። እትዬ የሺ የገብስ አጥሚት ይዘው መጡ። «ረቡዕ የተናገርኩሽን እርሺው» አሉ። ኩባያውንም አፌ ላይ ደቀኑት።

ሰኞ

ጨምሯል! ገና ልኩ ላይ አልደረሰም፣ ግን ጨምሯል።

እትዬ የሺ ዶክተሯ ዘንድ አብረውኝ ገብተው ነበር። «ያቺ ትንሿ ክኒን ናት እንዲህ ያደረገችው?» ብለው ጠየቁ።

«እሷም፣ ሜቶትሬክሴቱ መቆሙም» አለች ዶክተሯ።

በሚቀጥለው ሳምንትም ጥሩ ከሆነ ሜቶትሬክሴቱ በትንሽ መጠን ይጀመራል፤ ፎሊክ አሲዱ አይቋረጥም። እንደገና ቢወርድስ አልኳት። ሌላ መድኃኒት እንሞክራለን አለች። ይሆናል ወይስ አይሆንም፣ አላውቅም።

ዛሬ የቀሚሴን ቁልፍ ራሴ መቆለፍ አልቻልኩም፤ እትዬ የሺ ቆለፉልኝ። ይህችን የጻፍኩትም እስክርቢቶውን በሁለት እጄ ይዤ ነው። ጽፌያለሁ ግን።