በቁልፍ የተቀመጠው ቅጽ በየት በኩል ወጣ?

ለክቡር አቶ አምሐ
የክፍለ ከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው ሳምንት ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው በአቶ አዳነ ሱቅ በር ላይ ቆመው ከባለ ሱቁ ጋር ሲስቁ በመስኮቴ ስላየሁዎ፣ በጾሙ መግቢያ ይዞዎት የነበረው ጉንፋን እንደለቀቀዎ ገምቼ ተደስቻለሁ። ጤናውን ያብዛልዎ፤ ሳቁንም አያጉድልብዎ።

እኔ ዓይናዲስ ዋኘው እባላለሁ። በቁስቋም መውጫ ላይ ካባ፣ ልብሰ ተክህኖና የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ እየሰፋሁ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ፤ ሙያውንም የተማርኩት ከአባቴ ነው። በግል ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች መልስ ስላጡ ይህን ሦስተኛውን በአደባባይ ጽፌዋለሁ። በግል የተሰጠዎ ነገር ውሎ አድሮ አደባባይ መውጣቱን ስለተረዳሁ፣ መንገዱን ላሳጥርልዎ ብዬ ነው።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። በመስከረም ወር መጀመሪያ የክፍለ ከተማውን ነጋዴዎች በአዳራሽ ሰብስበው፣ በአዲሱ ዓመት እያንዳንዳችን ሁለት ግብ ሊኖረን እንደሚገባ፣ አንዱ በማኅበረሰቡ ውስጥ መሳተፍ፣ ሁለተኛው ነባር ደንበኛን ማቆየት እንደሆነ ስላስተማሩን ባለ ዕዳዎ ነኝ። እኔ የታመመ መጠየቅና ለቅሶ መድረስ የሰው ወግ ይመስለኝ ነበር፤ ግብ መሆኑን ያወቅሁት ከእርስዎ ነው። በዚያው ዕለት የታደለን ቅጽ ደንበኞቻችንን በስም፣ በአድራሻና በስልክ እንድንዘረዝር፣ በያንዳንዳቸውም አንጻር «ይህን ደንበኛ ለማቆየት በተለይ የሚያደርጉለት ነገር» የሚለውን እንድንሞላ ይጠይቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜም ልቤን አልጣመውም። ጽሕፈት ቤትዎ የመሪጌቶችን ስልክ ለምን እንደሚፈልገው አልገባኝም፤ ማኅሌት ሊቆምም አይመስለኝም። ቅጹን የምትሰበስበውን ሠራተኛ ጠየቅኋት። ስሟ ምስጢር ነው፤ እኔም ሞኝ ስለሆንኩ ስሟን እንደ ዋስትና ቆጠርኩት። «እትዬ ዓይናዲስ፣ በኃላፊው ክፍል በብረት ቁም ሣጥን ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ ከእኛ በቀር ማንም አያየውም» አለችኝ። ለቅሶ እደርሳለሁ ብዬ ብጽፍ ደግሞ «በሩብ ዓመት ስንት?» ብላ መለሰችልኝ። ሞት በሩብ ዓመት ተከፋፍሎ አይመጣም ብላት፣ «ግምት ይጻፉ» አለች። ሦስት ብዬ ጻፍኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የቀረውን ግን በእውነት ሞላሁት፤ ውሸት መጻፍ ስለማልችል ሳይሆን ፈቃድ እድሳቱ በቅጹ ላይ ይመሠረታል ስለተባልን። በኅዳር አጋማሽም የአቶ አዳነ የንዋየ ቅድሳት መሸጫ ተከፈተ። ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ስለነበሩ ቀኑን ላስታውስዎ አይገባም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ላያውቁት ይችላሉና በየተራው ላስረዳዎ።

፩. ቄሰ ገበዝ ወልደኢየሱስ የደብራቸውን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቁ፣ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የቤታችን ደንበኛ የነበሩ አባት ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከበሮ ከማንገት ይሁን ወይም ከተፈጥሮ፣ ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ይላል። አባቴ ካባቸውን ሲሰፋ በግራው ትከሻ ውስጥ፣ በገበሩና በከፋዩ መካከል፣ ሁለት ጣት የሚሆን ጥጥ አስገብቶ ይደፍን ነበር፤ እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር። እሳቸው አያውቁም። በካባ ሲቆሙ ቀጥ ብለው ይታዩ ነበር፤ አበቃ። አባቴ ጥጡን ሲያሳየኝ «ይህን እጅሽ ይወቀው፣ አፍሽ አይወቀው» ብሎኝ ነበር። አፌ እስካሁን ጠብቆታል፤ ለእርስዎ ቅጽ ግን እጄ ጻፈው።

በኅዳር መጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ አዳነ ፎቶ አንሺ አስከትለው ወደ ደብሩ ሄዱና፣ ዲያቆናቱና የሰበካው ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ «አባታችን፣ ግራ ትከሻዎ ዝቅ ማለቱን እናውቃለን፤ እኛም ጥጥ እንጨምርበታለን፤ አያስቡ!» ብለው ተናገሩ። አንዱ ዲያቆን ሳቀ ይባላል። በማግስቱ ቄሰ ገበዙ ወደ ሱቄ መጡ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ አሉ። ከደጃፉ ሳይገቡ ቆመው፣ የለበሱትን ጋቢ በግራ በኩል ወደ ላይ ሳብ አደረጉና፣ «ዓይናዲስ፣ አባትሽ ቢኖር ትከሻዬን ገበያ ያወጣው ነበር?» አሉኝ። አልተናገርኩም ብዬ ስምል ፊታቸውን አዙረው ወረዱ።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ሲጠረጥር ከቅርቡ ይጀምራል። ያን ዕለት የጠረጠርኩት እርስዎን ሳይሆን፣ ዘጠኝ ዓመት ከጎኔ ተቀምጣ የጠለፈችውን ይመኙሽን ነው። «ከኔና ካንቺ በቀር ይህን ጥጥ የሚያውቅ የለም» አልኳት። መርፌዋን ከከፋዩ ላይ ነቅላ በእርጋታ ሰካችው፣ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ ሁለት ቀን ቀረች። በሦስተኛው ቀን ስትመለስ «ሥራው ስላላለቀ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራ እናወራለን፤ ስለ ሌላ ነገር ግን አናወራም። ይህንንም በቅጽዎ ላይ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» በሚለው ሥር መመዝገብ ከተቻለ እባክዎ ይመዝገብልኝ።

፪. በይመኙሽ መፍረድ እንዳልነበረብኝ የገለጠልኝ የአንዲት በቅሎ ሕመም ነው። ከኮሶዬ በላይ ባለች አንዲት የገጠር ደብር የሚያስተምሩ መሪጌታ ህሩይ የሚባሉ ደንበኛ አሉኝ። ቅጹን በምሞላበት ቀን ደወሉልኝ። የዚያ አገር ኔትወርክ ቃሉን እየቆራረጠ ነው የሚያደርሰው፤ «…ዬ ታማብኛለች፣ ከተኛች ሦስት ቀኗ፣ እህል አልቀመሰችም» የሚል ሰማሁና «ባለቤቴ» ያሉ መሰለኝ። ወዲያው «የመሪጌታ ህሩይ ባለቤት በጠና ታመዋል፤ ሄጄ እጠይቃለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቅጹንም አስረከብኩ። ቅዳሜ ስኳርና ዳቦ ይዤ ስደርስ፣ በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ፅዮን ነበሩ። ለካ መሪጌታ ያሉት «በቅሎዬ» ነው! በሣቅ ሞትን። እኔ ግን ስላፈርኩ፣ ለማንም እንዳይነገር ለመንኳቸው፤ እነሱም አልተናገሩም። በቅሎዋም ለደመራ ድና ተነሣች።

በታኅሣሥ ወር አቶ አዳነ በመኪና አንድ ሣጥን ብርቱካን ጭነው፣ ከነፎቶ አንሺያቸው ከመሪጌታ ደጅ ደረሱ። ወይዘሮ ፅዮን በዚያች ሰዓት ጭድ ተሸክመው ከአውድማ ይመለሱ ነበር። አቶ አዳነ የቤት ሠራተኛ መስለዋቸው በአጠገባቸው አልፈው ገቡና፣ «መሪጌታ፣ የባለቤትዎ ሕመም እንዴት ሆነ? ከመስከረም ጀምሮ መተኛታቸውን ሰምተን ልባችን ተሰበረ» አሉ። መሪጌታም በዚያው ምሽት ደውለው፣ ያ ኔትወርክ እንኳ ሳይቆርጠው፣ እንዲህ ብለው አጫወቱኝ፦ «ሸጋ ሰው ነው የመጣብን። በሽተኛዋ በረት ናት፣ ግባና ጠይቃት አልኩት። ብርቱካኑን ከነልጣጩ ጨርሳለታለች። ምነው ግን ዓይናዲስ፣ ይህን የሚያውቅ እኛና አንቺ አልነበርንም?»

ነበርን፤ አራተኛ ከሆነው ከእርስዎ ቁም ሣጥን ጋር። የመሪጌታ ባለቤት ታመዋል የሚል ነገር በዚህ ዓለም ላይ የተጻፈው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በእኔ ቅጽ፣ በተራ ቁጥር አራት፣ በእኔው ስሕተት። እውነት የሆነ ወሬ ከብዙ አፍ ሊወጣ ይችላል፤ የእኔ ስሕተት ግን ከእኔ ወረቀት በቀር ሌላ አገር የለውም።

፫. በማግስቱ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ በትሕትና ሳስረዳዎ፣ በትዕግሥት ሰምተውኝ፣ ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ የቁም ሣጥኑን እጀታ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርገው «ይኸው፣ እንደተቆለፈ ነው» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። መቆለፉን አልተጠራጠርኩም። የጠየቅሁት ቁልፉ የማን እንደሆነ ነበር። እርስዎ ግን «ወይዘሮ፣ ውድድርን መፍራት ለነጋዴ አይበጅም» ብለው ሸኙኝ። ምክሩን ተቀብያለሁ። ከሚወዳደረኝ ሰው ጋር መወዳደር አልፈራም፤ ከራሴ የእጅ ጽሑፍ ጋር መወዳደር ግን አልለመድኩም።

ከጥምቀት በፊት በተደረገው የግማሽ ዓመት ግምገማ «በማኅበረሰብ ተሳትፎና በደንበኛ አያያዝ አርአያ» ተብለው የምስክር ወረቀት የተቀበሉት አቶ አዳነ መሆናቸውን ሰምቼ አልተገረምኩም። በግድግዳው ላይ ከታዩት ፎቶዎች አንዱ የመሪጌታ ህሩይ በር ነበር፤ በቅሎዋ አልተነሣችም። በጭብጨባው ቀዳሚ የነበሩት እርስዎ ነዎት። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ መርፌ የለመደ ስለሆነ ድምፁ አልተሰማ ይሆናል።

፬. አሁን የምጽፈው ላይ ግን ቀልድ ማብዛት አልችልም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

የቄሰ ገበዝ ወልደኢየሱስ ደብር ለጥምቀት ካባውን በሙሉ ከአቶ አዳነ ገዛ። በቀሐ ወንዝ ዳር ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ታቦታቱ ሲወርዱ ሳይ፣ እሳቸው አዲሱን የማሽን ጥልፍ ለብሰው መጡ። ጥጥ አልነበረበትም፤ ቃሉ ለፎቶ ነበርና። ካባው በግራ በኩል እየሾለከ ይወርድባቸዋል፤ በቀኝ እጃቸው መስቀል ይዘዋል፤ በግራ እጃቸው ካባውን ወደ ላይ ይደግፋሉ። እንዲያ እያደረጉ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ወረዱ። ሮጬ ልደግፍላቸው ፈለግሁ፤ ሰው ምን ይለኛል፣ እሳቸውስ ምን ይሉኛል ብዬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሰው ላክሁባቸው። አንድ ጊዜ «ደኅና ነኝ በሏት» አሉ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ምንም አላሉም።

በየካቲት አረፉ። በአጭር ሕመም ነው።

ወደ ልቅሶው ስደርስ ከድንኳኑ መግቢያ ላይ «ደንበኞቻችንን በኀዘናቸው እናጽናናለን» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ትልቅ ሸራ ተወጥሮ ነበር፤ ከበታቹም የአቶ አዳነ ሱቅ ስልክ ቁጥር አለ። ከሰዓታት በፊት መጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ሄደዋል። እኔ ገብቼ ከባለቤታቸው ከእመት እንኳየሁ ጎን ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት የማውቃቸው፣ ልጄ ክርስትና ስትነሣ ያቀፏት ሴት ናቸው። እጃቸውን ልይዝ ስል እጄን አዩት፣ ቀጥሎም ከኋላዬ ወደ መግቢያው አዩ፤ «ያንቺ ፎቶ አንሺ ወዴት አለ፣ እቴ?» አሉኝ።

የተቆጡ አይደሉም። በእውነት ነው የጠየቁኝ።

እስኪመሽ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ስለ ጥጡም፣ ስለ ቅጹም፣ ስለ አባቴም ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ አመኑኝም መሰለኝ። ከዚያ ግን «ልጄ፣ ለኔ ብትነግሪኝ እሱ አይሰማው» አሉኝ። እርስዎ መልስ ካለዎት፣ አድራሻቸው በቅጹ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ይገኛል።

ደንበኞቼን በተመለከተ ሪፖርት የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ ከአሥራ አራት አድባራት ስድስቱ ቀርተውልኛል፤ መሪጌታ ህሩይም አልተለዩኝም። ስምንቱ ሄደዋል፤ አልቀየማቸውም፤ የማሽን ጥልፍ ይረክሳል፣ ያብረቀርቃልም። በአሥራ አራቱ ሰፍቼ እበላ ነበር፣ በስድስቱም እበላለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወለደች፤ አጥሚት ይዤ ከበሯ ስደርስ ቆምኩ። ምን ፈልጋ ነው የመጣችው ትለኝ ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ይህን ያስተማረኝ የእርስዎ የአዲስ ዓመት ግብ ነው።

ስለዚህ ፍርድም ካሣም አልጠይቅዎትም። የምለምንዎ ያን ቅጽ በእጄ እንዲመልሱልኝ ብቻ ነው፤ የሞተ ሰው ትከሻ በመንግሥት ቁም ሣጥን ሊቀመጥ አይገባውም። የሚመጣውን ዓመት ቅጽ ከአሁኑ ካዘጋጁም በእኔ ስም የሚደርሰውን ለሌላ ነጋዴ ይስጡት። ፈቃዴ የማይታደስ ከሆነ በቤቴ እሰፋለሁ።

ለነጋዴው ሁሉ አባት ለሆኑት፣ ሰምተው ለማይረሱ፣ ተቀብለውም ለማያስቀሩ ክቡርነትዎ የዘወትር አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ እድሜና ሹመት እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

ዓይናዲስ ዋኘው
ልብሰ ተክህኖ ሰፊ፣ ቁስቋም

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው ዋና አስተዳዳሪ፣
ለነጋዴዎች ማኅበር፣
ለመሪጌታ ህሩይ።

ማስታወሻ፦ ለአቶ አዳነ ሱቅ ግልባጭ አላደረግሁም። ለእርስዎ ከደረሰ ለእሳቸውም መድረሱ ስለማይቀር ወረቀት ማባከን አልወደድኩም።