መጋረጃ ያለው የፕላስቲክ ቤት

የካቲት 4፣ ጠዋት

ዛሬም ምላጩ ጣቴን ቆረጠኝ። በር፣ መስኮት፣ የጭስ ማውጫ፣ ሁሉም ከቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ጋር ተያይዞ ነው የመጣው። አንድ በአንድ መቁረጥ፣ ጠርዙን ማለስለስ። ካርቶኑን የወረዳው ካድሬ ከሆቴሉ ዕቃ ቤት አመጣው። አንድ ፈረንጅ ለልጁ ገዝቶ ረስቶት የሄደ ተገጣጣሚ የመጫወቻ ባቡር ጣቢያ፣ ከሁለት ቤቶች ጋር። ባቡሩ የለም። ቢኖርስ በዚህ ገደል የት ሊሄድ።

የት/ቤቱ የእጅ ሥራ መምህር እኔ ስለሆንኩ ለኔ ተሰጠ። ለኤግዚቢሽን ነው ተብሏል። ደስ ብሎኛል ደብተሬ፣ ላንቺ አልዋሽም።

የካቲት 6

ሙጫው ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። የተሰነጠቀ ጀሪካን እንደምንጠግነው ቢላ አግዬ ጠርዝ ከጠርዝ አቀለጥኩት። ያዘ። መጋጠሚያው አይታይም። ሽታው ግን ራሴን አዞረው።

ከመስኮቶቹ ጀርባ የሚለጠፍ፣ መጋረጃ የታተመበት ወረቀት አለ። ነጭ፣ አበባ ያለው። ውስጡ ባዶ መሆኑን ይሸፍናል። ጥቂት ዱቄት በጥብጬ ለጠፍኩት። በዚህ ዘመን፣ ዱቄት ለመጋረጃ።

የካቲት 8፣ ከሰዓት

ካድሬው መጣ። ወደደው። የጣቢያውን ስም የያዘችውን ሰሌዳ ንቀላት አለኝ፣ ነቀልኳት። ከዚያ ነው የነገረኝ። ይህ የሰፈራው መንደር ሞዴል ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄደው ገበሬ የሚጠብቀውን ቤት እንዲያይ። እንዲህ ያለ ቤት በርግጥ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ይሠራል አለ። ማን እንደሚሠራው አልጠየቅሁም። ፈሪ ነኝ። ልጆች አሉኝ።

ጣራውን አጥብቄ ገጠምኩት፣ ማንም ከፍቶ እንዳያይ።

የካቲት 11፣ ቅዳሜ

ገበያ። ሞዴሉ ገበሬ ማኅበሩ ጽ/ቤት በር ላይ ተቀመጠ። ሰው ተጋፋ። አያ ይመርም ከአሸተን ማርያም ሥር ወርደው መጡ። አጎቴ ናቸው፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ። በሬዎቻቸው በድርቁ አልቀዋል። ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አጮለቁ። መጋረጃ እንኳ አለው አሉ። በሬ የት ያድራል ብለው ጠየቁ፤ ካድሬው ትራክተር አለ አላቸው። ከዚያ ማን እንደሠራው ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ልጄ የሠራውማ ውሸት አይሆንም» አሉና ሄደው ተመዘገቡ። ጎረቤቶቻቸውም ተከተሏቸው።

የካቲት 13

ሰፋሪዎች አድርሶ የተመለሰ የጭነት መኪና ሹፌር ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር አገኘሁ። ቀስ ብሎ ነገረኝ። ቤት የለም። ሣርና ጫካ ነው፣ መንጥረው ጎጆ የሚቀልሱት ራሳቸው ናቸው። ወባ አለ። ሽማግሌ ብዙ አይቆይም አለ፣ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ።

ምሳ አልበላሁም። ባለቤቴ አመመህ ወይ ትላለች። ካድሬውን ረገምኩ፣ ቀጥሎ ራሴን። ካድሬው አንድ ጣራ እንኳ አልገጠመም።

የካቲት 14፣ ጠዋት

አያ ይመር ዘንድ ወጣሁ። አይሂዱ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ገና ሳልሄድ ናፈቅሁህ ወይ አሉ። ቤት የለም አልኩ። ቤቱንማ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከነመጋረጃው፣ አሉኝ። ማሰሮዎቻቸውን ለሚቀሩት አከፋፍለዋል። ውሻቸውን ለቄሱ ሰጥተዋል።

ከሰ.

መኪኖቹ ነገ ይመጣሉ። ሞዴሉ ከገበያው ተመልሶ የእጅ ሥራ ክፍሌ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም በኔ እጅ። ጣራውን በጋለ ቢላ እከፍተዋለሁ። ቤቱን በጋቢ ጠቅልዬ ሳይመሽ ይዤላቸው እወጣለሁ። እጃቸውን ያስገቡና ባዶውን ይዳብሱት። ጎረቤቶቻቸውም ይምጡ፣ ይዳብሱ። ካድሬው ሲሰማ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ለባለቤቴ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ጋቢውን አመጣችልኝ።

ቢላው ግሏል፤ ልነሳ።