የጀማነህ ባዶ መስመር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ዘርፌ፤

ፋሲካውን እንዴት አሳለፍሽው? ጉልበትሽስ? ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽኝ ነበርና ኪኒኑን ሳታቋርጪ መውሰድሽን ንገሪኝ። የጋሼ ገብረኪዳን ዓይን ተሻላቸው? እኛ ደህና ነን። ግሮቭፖርት መጋዘን የቀን ሽፍት ስለሰጡኝ እንቅልፌ ተስተካክሏል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም፤ ሦስት ጊዜም ጽፌ ቀድጃለሁ። የጀማነህ ሙት ዓመት በደረሰ ቁጥር «የወንድሜን ዓይን የከደነለት ማን ይሆን?» ትይኛለሽ። አላውቅም እልሻለሁ። እውነት ነው፤ ያላወቅሁት ግን ስላልጠየቅሁ ነው።

እዚህ ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን የሚወዱ ሰዎች የሚያነቡት የአካባቢ መጽሔት አለ። በ1978 አምስት ሰዎች በአንድ ቤት ምድር ቤት ጀመሩት። ፖስተኛው እንዳያውቅ የላኪ ስም በሌለው ቡናማ ፖስታ ይልኩት ነበር። ኋላ በየመጠጥ ቤቱና በየመጻሕፍት መደብሩ በር ላይ በነጻ ይቀመጥ ጀመር። ኤድስ ብዙዎችን በወሰደበት ዘመን በየጥር ወሩ አንድ ገጽ ለሙታን ሰጠ። ቤተሰቡ ስሙ እንዳይወጣ ለከለከለበት ሰው የውሸት ስም አይጽፉም፤ መስመሩን ባዶ ይተዉለታል። ይህን ሐሳብ ያመጣው ገጹን የሚያቀናጀው ሰው ነበር። እሱም ጀማነህ ነው።

በ1985 ሲያርፍ አዘጋጁ ስሙን ያወጣ እንደሆነ ሊጠይቀኝ፣ ያኔ አገር ቤት እሠራበት ወደነበረው ጋዜጣ ቢሮ ጻፈልኝ። የታተመ ስም ተመልሶ እንደማይሰበሰብ አውቃለሁ። እማዬ ትሰማለች ብዬ አይውጣ አልኩ። ለእናንተ የሳንባ ሕመም ነው አልኳችሁ።

መጽሔቱ ኮሮና መጠጥ ቤቶቹን ሲያዘጋ መታተሙን አቆመ። ባለፈው ወር ሳሌም በትርፍ ጊዜዋ የመጽሔቱን የድሮ ወረቀቶች ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገባ መልሴን አገኘችው። «ዳዲ፣ ይሄ ያንተ ሲግኔቸር ነው አይደል?» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች። በማግስቱ ሬይመንድ ወደሚባል ሰው ቤት ወሰደችኝ።

ሬይመንድና ጀማነህ ሰባት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ይዋደዱ ነበር። አሁን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። የጀማነህን ዓይን የከደነው እሱ ነው፣ እትዬ። ለጀማነህ የጻፍሻቸውን አሥራ አራት ደብዳቤዎች፣ አማርኛ ሳያነብ፣ በጫማ ካርቶን አስቀምጧቸዋል። አንድ በአንድ አነበብኩለት። በአንዱ ላይ «ብቻህን አትብላ» ብለሽዋል። ስተረጉምለት ሳቀ፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ «አንድ ቀንም ብቻውን አልበላም በላት፤ የምትልከውን በርበሬ ግን አልቻልኩትም» አለኝ።

መጽሔቱ በመጪው ሰኔ በአንድ የመጨረሻ እትም ይሰናበታል። የሙታኑን ገጾች እንደገና ያትማል። ቤተሰብ ከፈቀደ ስሙ ይገባል፤ ካልፈቀደ መስመሩ ባዶ ይቀራል። እስከ ግንቦት ማብቂያ መልስ ይጠብቃሉ። እኔ ይውጣ እላለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ታላቄን ሳልጠይቅ ወስኛለሁ፤ አሁን ያላንቺ ቃል አልፈርምም። ከተቆጣሽ በእኔ ላይ ይሁን፣ በእሱ ላይ አይሁን። አንብበሽ ስታበቂ ደውዪልኝ።

ጋሼ ገብረኪዳንን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ዓለምን በፈተናዋ ይቅናሽ በያት። ጎረቤትሽ ኑራ አንቺን ሐኪም ቤት ስላደረሰችልኝ አመስግኛታለሁ። ሳሌም ጉንጭሽን ትስማለች። ሬይመንድም ሰላም ብሎሻል፤ «ዘርፌ» ብሎ ስምሽን እንደኛው አስተካክሎ ይጠራል። ጀማነህ አስተምሮታል።

ወንድምሽ ምንያህል

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሚያዝያ 24 ቀን 2014 ዓ.ም.