ጠብ፦ ዜሮ

የካቲት 9
የዝናብ መለኪያውን ጣሳ አየሁ። ደረቅ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።
ከጥናት ቢሮ የምትመጣዋ ልጅ አዲስ ቅጽ አመጣች። ከዝናቡ ሌላ በሰፈራችን ቧንቧ የውሃ ሰልፍ የሚነሳውንም ጠብ ልጽፍላት ነው... በየሳምንቱ፣ በቁጥር።
«ምን ሊያደርግላችሁ?»
«አየሩ ሲለወጥ አገር ምን ያህል እንደሚናጋ ልንለካ ነው አባባ።»
«አገር በጣሳ ይለካል እንዴ?»
ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ ነው፤ ቢሆንም ቁጥሬ ተሳስቶ አያውቅም።

የካቲት 16
ዝናብ ዜሮ። ሁለት ሴቶች በጄሪካን ተፈነካከቱ። የሰፈሬን ገመና ለቢሮ ላወጣ? አላደርገውም።
ጠብ፦ ዜሮ።

የካቲት 30
ዝናብ ዜሮ። ቧንቧው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ። የውሃ ቦቴ ይላክላችኋል አሉን። ጠብ ዜሮ አልኩ።

መጋቢት 7
የሟች ባለቤቴ ወንድም ጄሪካኑን ከፊቴ ደነቀረ።
«ተራህን ጠብቅ!»
«እህቴን በጥም የገደልክ፣ ደግሞ እኔን ልትከለክል?»
በበሽታ ነው የሞተችው። እሱም ያውቃል። በከዘራዬ ክንዱን አልኩት። አበጠ አሉ።
ጠብ... ዜሮ።

መጋቢት 21
ልጅቷ መጣች። ካርታ ዘረጋች። ጠብ የበዛበት ሰፈር ቀይ ነው። የእኛ አረንጓዴ።
«ደስ ይበልዎት አባባ፣ ሰላም ናችሁ።»
«የውሃ ቦቴውስ?»
«ቅድሚያ ለቀዮቹ ነው። ለእናንተ ገና ነው።»
ምን ልበላት? ካርታዋን አጣጥፌ ሰጠኋት።
ማታ ጎረቤቴ «ሌሎቹ ሰፈሮች ውሃ ሲራጩ እኛ ምን በደልን?» አለችኝ።

መጋቢት 22
ጠዋት ለልጅቷ ደወልኩ። «ዜሮዎቹ የእኔ ውሸት ናቸው» አልኳት። እንዲህ ማለት ለካ እንዲህ ይከብዳል። «እውነቱን እስከ ማክሰኞ ያድርሱልኝ» አለች።
በየቤቱ እየዞርኩ የስድስት ሳምንቱን ጠብ ሰበሰብኩ። አስር ሆነ። አስራ አንደኛው የእኔ። ተመቺው ሳይሰማ አልጽፈውም ብዬ ቤቱ ሄድኩ። ክንዱ አሁንም እንደታሰረ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩለት፦
«መቺው፣ እኔ። ምክንያቱ፣ ውሃ።»
መሬት መሬት አየ።
«አስራ ሁለት አድርገው» አለ። «እኔም በእህቴ ሞት ወግቼሃለሁ።»
«ስድብ አይቆጠርም።»
«ጻፍ አልኩህ! ከከዘራህ በምን ያንሳል?»
ሰርዤ አስራ ሁለት አልኩ። በደህና እጁ በርጩማ ገፋልኝ።