የልጄን እጅ ለማስዘርጋት ልጄ እጇን እንድትዘረጋ ስለ መጠየቋ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የምዝገባና የቀጠሮ ክፍል ኃላፊ፣

ጌታዬ፣ ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ እጠይቃለሁ፤ በተለይም አሥሩ ጣቶችዎ ደህና እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ በቢሮዎ ጉዳይ ላለው ሰው ከጣት የሚበልጥ ሀብት እንደሌለ ዘንድሮ ተምሬአለሁና።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ያኔ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ፣ ለደንበኛ በር ልከፍት ዞር ባልኩበት ቅጽበት የጋለ ካውያ በቀኝ እጇ ጨበጠች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ክሩ ከልክ በላይ እንደ ተሳበ ስፌት እየተኮማተረ ጣቶቿን ከመዳፏ ጋር አጣበቃቸው። የቀዶ ጥገና ሐኪምዎ አይተዋት ጠባሳውን አላቅቀው ከጭኗ በሚወስዱት ቆዳ እንደሚሸፍኑት፣ አጥንቷ እያደገ ስለሆነ ግን ብንዘገይ መገጣጠሚያዎቹ እንደ ታጠፉ እንደሚቀሩ ነግረውኝ፣ የቀጠሮ ቁጥር ብቻ ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። እነሆ ምስጋናዬ፦

፩. ያለ ታካሚው የቀኝ እጅ አመልካች ጣት አሻራ ቁጥር እንዳይሰጥ ለሚደነግገው አዲሱ መመሪያዎ አመሰግናለሁ። የልጄ ጣት ጫፍ መዳፏ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚገኝ፣ እጇን ለማስዘርጋት አስቀድማ እጇን መዘርጋት እንዳለባት ተረድቻለሁ።

፪. ግራ እጇን ባቀረበች ጊዜ መመሪያው ስለ ግራ እጅ ምንም እንደማይል በትሕትና ላስረዱን መዝጋቢ አመሰግናለሁ። ልጄ ያን ዕለት እጇን ከአሻራ መውሰጃው መሣሪያ ላይ አላነሳም ያለችው፣ ጥሩ ልጅ ከሆነች የሚቀበሏት መስሏት ነበር።

፫. አምስት ወር ተመላልሼ ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሲሆንብኝ፣ እኚሁ መዝጋቢ አዝነውልኝ የእናትም አሻራ ይበቃል አሉኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባልና ጣቴን ሰጠሁ። ቁጥሩ በዚያው ደቂቃ ወጣ፤ ወረቀቱ ላይ ግን የታካሚ ዕድሜ ሠላሳ አንድ ይላል። በቢሮዎ ቸርነት ለማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀዶ ጥገና የተቀጠረለት፣ መርፌ የምይዝበት ጤነኛው ቀኝ እጄ ነው።

፬. ይታረምልኝ ብል፣ ቀጠሮ የሰረዘ ቤተሰብ ለአንድ ዓመት እንደማይመዘገብ ስላሳሰባችሁኝ አመሰግናለሁ። ለልጄ ላዛውረው ብል ደግሞ ልጄ አሻራ የላትም። እንዲህ አጥብቆ የሚይዝ ስፌት በሥራ ዘመኔ ሰፍቼ አላውቅም። ጌታዬ፣ እያሾፍኩ ብጽፍልዎም ፈርቻለሁ።

ለመመሪያዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለልጄ አጥንት ደግሞ ጥቂት ትዕግሥት የምትመኝ፣ ከደጅዎ የማትጠፋ ታዛዥዎ፣
የታካሚዋ እናት፣ በሰነድዎ ግን ታካሚዋ ራሷ

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ አልቀርም። ልጄን ታቅፌ አልጋው ላይ እወጣለሁ። ሐኪሙ የሚዘረጋውን እጅ ለመለየት አሻራ አያስፈልጋቸውም፤ እርስዎ ከተጠራጠሩ ግን ይምጡና ሁለታችንንም በእጅዎ ሰላም ይበሉን፤ እጅዎን መጨበጥ ያቃታት እርሷ ናት ታካሚዋ።