የተላጨችው ፔጆ

ክንዱ፣

ሻንጣዬን ስታጣው «ተመልሶ ውጭ ሄደ» ብለህ ለሰፈሩ እንዳታወራ። የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ይዤበት ቡሬ መሄዴ ነው። ልብሶቼ አልጋህ ላይ ናቸው።

ጉልበት እጨምራለሁ ብዬ የአባትህን ፔጆ ቴስታታ ቤንዚኑን አጥብቆ እንዲጨምቅ በማሽን ከልክ በላይ አስላጨሁት። ስሌቴ ልክ ነበር፤ ያሰላሁት ግን በተማርኩበት አገር ቤንዚን ነው። እዚህ በጀሪካን በምንገዛው ደካማ ቤንዚን ትናንት ጅጋ ሳንደርስ ሞተሯ ድንጋይ እንደሚፈጭ ወፍጮ መንኳኳት ጀመረ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ አዛናው አዳመጧትና «አንተስ ተምረህ መጣህ፤ ቤንዚኑን ማን ያስተምረው?» አሉኝ። ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

መፍትሔው የተላጨውን ያህል ቦታ የሚሞላ፣ ከቴስታታው ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጓርኒሲዮን ነው፤ ቡሬ ያለው ቶርኖ ቤት ከመዳብ ይቆርጥልኛል። ያኔ ከአራት ወር ልፋት በኋላ ጉልበቷ ልክ እንደ ድሮው ይሆናል።

ጥላሸቱ እንዲለቅ ብዬ የሽሮ ድስትህ ውስጥ ፒስተን ቀቅያለሁ። አትብላበት።

አባትህ እሁድ ከሽንዲ ሲመጡ «ቀለም እየተቀባች ነው» በላቸው። «መሐንዲስ ነው» ብለህ ቁልፉን ያሰጠኸኝም አንተ ነህ።

አይ፣ ተወው። ሞተሯን እንደተፈታታ አሳያቸው። «ባምላኩ ነው ያበላሻት» በልና እስክመጣ እንዲቆዩኝ ለምንልኝ። የቀረውን እኔው ልንገራቸው።

ባምላኩ