ሽርጥ የለበሰችው ዛፍ

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? የባንኮክ ሙቀት አቅልጦ አልጨረሰሽም? እኛ ከአባባ ጉልበት በቀር ደህና ነን። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል፤ የኔ ምላስ ግን እንደምታውቂው ሳይታዘዝም ይሮጣል።

"የእማማን አረንጓዴ ሽርጥ ላክልኝ፣ ጠረኗ ሳይጠፋ" ብለሽ ሦስቴ ጻፍሽ። ሦስቴም ስለ ዶሮዎቻችን መለስኩልሽ። ዛሬ የዶሮ ወሬ አልቆብኛል፤ ልናዘዝ።

ሰዓት ማማው አጠገብ ያለችው ትንሿ መናፈሻ ውስጥ፣ አባባ ሃያ ዓመት ጥላዋ ሥር ጫማ የሰፋባት ዛፍ ለመኪና ማቆሚያ ልትቆረጥ ነበር። ግንዷን ቀይ ቀለም ቀቡት። አባባ ቀለሙን ባየበት ቀን አንዱን ጫማ ሁለት ጊዜ ሰፋው።

በማግስቱ ማለዳ ሽርጡን፣ ያንን አባባ በጫማ ክር የጣፈላትን፣ ግንዷ ላይ ጠመጠምኩት። ከዚያ እዚያው አጠገብ ያለችውን ኑድል ሻጭ እትዬ ላማይን፣ "ዛፏ ውስጥ የምታድረው እመቤት በህልሜ መጥታ 'ቤቴን አትንኩ' አለችኝ" አልኳት። ለሷ መንገር በድምፅ ማጉያ መለፈፍ ነው።

"ምን ለብሳ?"

"አረንጓዴ።"

"ውይ በሞትኩት! ይኸው ለብሳለች!" ብላ ዛፏ ሥር ተደፋች።

እስከ ቀትር ለመንፈሷ መባ ቀይ ለስላሳው ተደረደረ፣ የአበባ ጉንጉኑ ተንጠለጠለ፣ ግንዷን ዱቄት እየቀቡ ቅርፊቷ ላይ የሚያሸንፍ የሎተሪ ቁጥር ይታየናል የሚሉትም መጡ። ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ትጠጣ የነበረችው እማማ በሕይወት ኖራ ያን ሁሉ ለስላሳ ብታይ ምን ትል ነበር? ሊቆርጣት የመጣው ባለ መጋዙ ጋሼ ፕራሶምም፣ "እኔ ልጆች አሉኝ፤ የደፈረ ራሱ ይቁረጥ" ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ጉንጬን ነከስኩ።

በአምስተኛው ቀን ግን እትዬ ላማይ አባባን፣ "ወንድሜ፣ አይክፋህ፤ እመቤቲቱ ፊት የሰው እግር የገባበት ጫማ አይከመርም" አለችው። ሳጥኑን አንስቶ ከመንገዱ ማዶ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

"አባባ፣ እውነቱን ልናገር" አልኩት።

"ተናገርና ይቁረጧት? ዝም በል፣ አንተ ባለጌ።"

ደክሞኛል እህቴ። ቀልድ እንዲህ እንደሚከብድ ማን ያውቃል?

ትናንት ማለዳ ላንቺ ብዬ ሽርጡን ልፈታው ሄድኩ። አባባ ቀድሞኛል። ባዶ እግሩን ቆሞ፣ ከቀይ ጠርሙሶቹ መሃል አንድ ብርጭቆ ሻይ አስቀመጠ። ሲሄድ ቀመስኩት። ስኳር የለውም።

ስለዚህ ሽርጡን አልልክልሽም። ስትመጪ ጫማሽን አውልቀሽ ቅረቢ።

የእናታችን ጥላ ካለሽበት አይለይሽ።

ምላሰኛው ታናሽ ወንድምሽ